ልጅሽ ፔካ 12 የዋለ ዕለት

ውድ ሀጀራ፣

ይህን የምጽፍልሽ ሱቅ ውስጥ፣ ገና ያልሰፋሁት ሸራ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ሾፌሩ ጉዲና ነገ ማለዳ ማዳበሪያ ጭኖ በድሬዳዋ በኩል ያልፋል፤ "ለሀጀራ የምትልኪው ነገር ካለ ዛሬውኑ አዘጋጂ" አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተምርና ያን የምትወጂውን የየመን ሽቶ አስይዤው ዝም እል ነበር። ዛሬ የምልክልሽ ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ በፌስታል አይቋጠርም።

በስልክ እንዳልነግርሽ መስመሩ ይቆራረጣል፤ አንቺም እህትሽ ዘቢባ ታቃስታለች ብለሽ ጆሮሽ ወደ መኝታ ቤት ነው። "ዘቢባ ተሻላት?" "አልሐምዱሊላህ።" "ሱቅ ደህና ነው?" "ደህና ነው።" ተባብለን እንዘጋዋለን። የያዝኩት ነገር በእንዲህ ያለ ወሬ መሀል የሚሰነቀር አይደለም። ስለ ልጅሽ ነው። አትደንግጪ፣ ዓብዱልጀሊል ደህና ነው። ግን እሱ ራሱ በቀላሉ የማይነግርሽ ነገር ስላለ እኔ ልንገርሽ።

ኮምቦልቻ ያለችው እናቴ እንዲህ "አንቺ" እያልኩ ስጽፍልሽ ብታይ ራሷን ትይዛለች። ጅቡቲ ካርቲየ 6 ያለው ቤትሽ ለሠራተኛነት የገባሁ ሰሞን "እትዬ ሀጀራ፣ ሻይ ላምጣልዎት?" ስልሽ ዞር ብለሽ ከኋላሽ ያየሽውን አልረሳም። "ሌላ ሰው ቆሟል እንዴ? ማንን ነው?" አልሽኝ። ከዚያ ሳቅሽ መጣ። "ስሚ የምስራች፣ እኔ ድሬ ነው ያደግኩት። ድሬ አንቱ የለም። ሙቀቱ ሁላችንንም በአንድ ድስት ነው የሚቀቅለን፣ ጅቡቲማ ከዚያ ይብሳል!" ያን ዕለት ማታ እናቴ ጋ ደውዬ "አሠሪዬ አንቺ በይኝ አለችኝ" ስላት "ታዲያ በደንብ ያዣት" አለችኝ። ይዤሻለሁ።

ያኔ አንቺ ማዕከላዊ ገበያ ጨርቅ ትሸጪ ነበር። ከምሲን የሚሉት የአሸዋ ነፋስ ተነስቶ የሱቅሽን መጋረጃ ለሁለት የቀደደው ጊዜ ትዝ ይልሻል? አሸዋው አዳዲሶቹን ጨርቆች ሲያለብሳቸው አንቺ በሶማሊኛም በዓረብኛም ነፋሱን ትራገሚው ነበር። እኔ ምሳ ላደርስልሽ መጥቼ መጋረጃውን አጠፍኩና ወፍራም ክር በሰም አሽቼ ሰፋሁት። ስትመለከቺው ቆየሽና "ይህን ማን አስተማረሽ?" አልሽኝ።

"ኮምቦልቻ ፍራሽ ቤት ነበር የምሠራው።"

"ታዲያ እኔ ቤት ሰሃን ታጥቢያለሽ?"

ጮኽሽብኝ። ሰሃን ያጠብኩት በራሴ ጥፋት እንደሆነ ሁሉ። በሳምንቱ የጎረቤቶችሽን መጋረጃ ሁሉ እየሰፋሁ ነበር። ጉዲና ደግሞ ለሚስቱ ጨርቅ ሊገዛ መጥቶ፣ ጨርቁን ትቶ ቀና ብሎ ስፌቱን ያይ ጀመር። "ይቺ ልጅ የተሳቢ ሸራ ትችላለች?" አለሽ። እኔ "አላውቅም" ልል አፌን ስከፍት አንቺ ቀድመሽኝ "ትችላለች!" አልሽ። የተሳቢ ሸራ በዓይኔም አይቼ አላውቅም ነበር እኮ፣ ሀጀራ።

እንዲህ ነው ከከተማው ወጣ ብሎ የጭነት መኪና የሚሰለፍበት ፔካ 12 የገባነው። ያን አሮጌ ከባድ የስፌት መኪና ከጀልባ ሸራ ሰፊው ሽማግሌ ላይ ገዝተሽ በጋሪ ስታስመጪ፣ መንገድ ዳር ያለችዋን የቆርቆሮ ቤት ስትከራዪ፣ ሰው ሁሉ አብደሻል አለሽ። ባቡሩ ጭነት ማመላለስ ሲጀምርማ ጭራሽ መከሩሽ፤ "የመኪና ነገር አበቃለት፣ ወደ ጨርቅሽ ተመለሺ" አሉሽ። "ባቡር ሰው ደጃፍ ድረስ አይገባም" ነበር መልስሽ። አልተሳሳትሽም። ስንዴ የጫነ መርከብ ወደብ በገባ ቁጥር እዚህ መኪናው ይሰለፋል፤ መኪና ከተሰለፈ ሾፌሩ ይበላል፣ ጎማው ይለጠፋል፣ ሸራው ይሰፋል። አንቺ በአምስት ቋንቋ ትከራከሪያለሽ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰፋለሁ። አንቺ አፍ፣ እኔ እጅ። እንዲህ ሆነን ዕድሜያችንን የምንጨርስ ነበር የሚመስለኝ።

ዓብዱልጀሊል ግን አልወደደልሽም። አንድ ልጅሽ፣ ጨርቅ ሸጠሽ ፈረንሳይ ድረስ ልከሽ ያስተማርሽው፣ ወደብ አካባቢ ትልቅ ቢሮ የሚሠራ ሰው። የዒድ ዕለት ቤትሽ መጥቶ የተነጋገራችሁትን እኔ ማድ ቤት ሆኜ ሰምቻለሁ።

"እማ፣ የሱ እናት ፔካ 12 ከሾፌር ጋር ሸራ ስታገላብጥ ትውላለች እያሉኝ ነው። ቤቴ ክፍል አለሽ። መጥተሽ ተቀመጪ፣ ልጡርሽ።"

"ገበያ ጨርቅ እያገላበጥኩ ሳሳድግህስ ሰው ምን ይልህ ነበር?"

"እሱ ሌላ ነው።"

"ሌላነቱ ምኑ ላይ ነው? አቧራው ላይ?"

 ከዚያ ወዲህ ዒድ በመጣ ቁጥር ይመጣል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ስለ ሱቁ ግን አንድም ቀን ጠይቆሽ አያውቅም። አንቺም አታነሺበትም። እሱ ሲሄድ ብርጭቆውን ራስሽ ታነሺና ረጅም ጊዜ ታጥቢዋለሽ። አይቼሻለሁ። ምንም ብዬሽ አላውቅም።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። አንቺ ዘቢባን ልታስታምሚ ከሄድሽ በኋላ፣ ሙቀቱ ከበረደ ወዲያ፣ ሰዎች መጥተው መንገድ ዳር ያለን ሁሉ እንድንነሳ ነገሩን። መንገዱ ሊሰፋ ነው። መኪኖቹ ፈንጠር ብሎ ወደተሠራው አዲስ ማቆሚያ ይዛወራሉ፤ እዚያ ውስጥ ሱቆች አሉ፤ ንግድ ፈቃድ ያለው ማመልከት ይችላል ተባለ። ፈቃዱ በአንቺ ስም ነው፣ ውክልናው ልጅሽ ጋ ነው። ወዲያው አንድ ነጋዴ ልጅሽን አግኝቶ "መብቱን ልቀቁልኝ፣ የስፌት መኪናውንም እገዛለሁ" እንዳለው ሰማሁ። ልጅሽም ለአንቺ ደውሎ ጠየቀሽ። አንቺ ምን አልሽው?

"አንተ እንደወደድክ።"

ይህን እሱ ራሱ ነው በስልክ የነገረኝ፤ "እናቴ እንደወደድክ ብላኛለች፣ ሰውየው ሐሙስ ጠዋት መጥቶ ያያል፣ እኔም እመጣለሁ" አለኝ። ሀጀራ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አኮረፍኩሽ። በዚያ ሳምንት ስትደውዪልኝ ድምፄ የቀዘቀዘብሽ ለዚህ ነበር፤ "ጉንፋን ይዞሽ ነው?" አልሽኝ፣ እኔም "አዎ" አልኩ። ሱቁ ቢሸጥ እኔ ሌላ ቤት ገብቼ መሥራት አያቅተኝም። የፈራሁት ሌላ ነው። ሱቁ ከሌለ ወደ ጅቡቲ የምትመለሺበት ምን ቀረሽ? እህትሽ ድሬ፣ የልጅነት ሰፈርሽ ድሬ። እዚህ ያለሽ ልጅ እንኳ በዓመት ሁለቴ ሻይ ሊጠጣ ነው የሚመጣው። "ተመለሺ" የምልሽ እኔ ማን ሆኜ ነው? እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ።

ሐሙስ ጠዋት ልጅሽ መጣ። ነጭ ሸሚዝ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ፣ በእጁ የውሃ ጠርሙስ። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ሲያይ ሐኪም ቤት የገባ ሰው ይመስል ነበር። ወንበር የለንም፤ ጎረቤታችን ጎሚስታው ዓብዱረዛቅ አንድ አሮጌ ጎማ እያንከባለለ አመጣና ካርቶን አነጠፈለት። "ተቀመጥ። የሀጀራ ልጅ ነህ አይደል? አፍንጫህ ይናገራል" አለው።

ጠዋት እመጣለሁ ያለው ገዢ የለም። ልጅሽ ሰዓቱን ያያል፣ ይደውላል፣ ሰውየው "መንገድ ላይ ነኝ" ይለዋል። እኔ እሰፋለሁ።  ያኔ ነው ዓብዱረዛቅ የጎማ መፍቻውን በጨርቅ እየጠረገ የጀመረው። ታውቂዋለሽ፣ ድምፁ ሰፈር ያሰማል።

"እናትህ ክፉ ሴት ናት" አለው።

እኔ መርፌው ጣቴን ሊወጋኝ ነበር። ልጅሽ ቀና አለ።

"ወላሂ ክፉ ናት። የሷ የጥላ ሸራ ወደኔ አንድ ክንድ ስለገባ ዓመት ሙሉ ተጣልተናል። እኔ ሸራዋን ወደዚያ እገፋለሁ፣ እሷ ወደዚህ ትገፋለች። ሚስቴ ልትወልድ ምጥ የያዛት ቀን መኪና አጥቼ ስሮጥ፣ ይቺ ክፉ ሴት መንገድ መሀል ገብታ አንድ ተሳቢ አስቆመች። ሚስቴን ሾፌሩ ጎን አስቀምጣ፣ ራሷ ደግፋት ሐኪም ቤት ድረስ ሄደች። ማታ ስትመለስ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? 'ወንድ ልጅ ነው፤ ጥላው ግን የኔ ነው' አለችኝ።"

ልጅሽ ሳቀ። ወዲያው ደግሞ በመሳቁ እንዳፈረ ሰው ሳል አስመሰለው።

ረፋዱ ላይ ፀጋው መጣ፤ ያ ቀጭኑ፣ የአዳማው ሾፌር። "ሀጀራ የለችም?" አለኝ እንደ ሁልጊዜው። ልጇ እሱ ነው ስለው ሮጦ ሁለት እጁን ጨበጠውና በአማርኛ ያወርድበት ጀመር። ልጅሽ አማርኛ አይሰማም፤ ወደኔ ዞረ። "ምንድነው የሚለው?"

እንግዲህ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። የኔ ሶማሊኛ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ስሰማ ይገባኛል፣ ስናገር ግን ጨምሩ፣ ቀንሱ፣ ነገ ይደርሳል፣ ከዚያ አያልፍም። ፀጋው ሸራው መንገድ ላይ ተቀዶ ማዳበሪያው ዝናብ የመታው ጊዜ አሠሪው ሊያባርረው ሲል፣ አንቺ ስልኩን ከእጁ ነጥቀሽ "ያረጀ ሸራ ሰጥተኸው ሰውን ትወቅሳለህ? ና ሸራውን እይ!" ብለሽ የጮኽሽለትን ነገረው። ሰውየው እውነትም መጥቶ አየ፤ ከዚያ ወዲህ የድርጅቱ ሸራ ሁሉ እኛ ጋ ነው የሚሰፋው። ይህን እንደምንም ተረጎምኩ። መጨረሻ ላይ ግን ፀጋው ደረቱን እየመታ "አንጀቴን ነው ያራሰችው በለው!" አለኝ። በሶማሊኛ እንዴት ይባላል? ያለችኝን ቃል ሰብስቤ "እናትህ ሆዱ ውስጥ ውሃ ጨመረችበት" አልኩት። ልጅሽ ግራ ገብቶት ፀጋውን ከላይ እስከታች አየው። ዓብዱረዛቅ እስኪያነባ ሳቀ፣ ከዚያ አስተካክሎ ነገረው።

ገዢው አሁንም የለም። ጸሐዩ በረታ። አንድ ትልቅ ሸራ መዘርጋት ነበረብኝ፤ ሁልጊዜ የምታግዘኝ ምግብ ሻጯ ነጃት ምሳ ልትሠራ ሄዳለች፤ ሸራው ደግሞ ብቻዬን የምችለው አይደለም። ስጎትተው፣ አንዱን ጫፍ ሳቀና ሌላው ሲጣጠፍብኝ ልጅሽ ሲያየኝ ቆየ። እኔ አልጠየቅኩትም። የውሃ ጠርሙሱን አስቀመጠ፣ እጅጌውን ሰበሰበና መጥቶ ጫፉን ያዘ። "ወዴት ልጎትት?" አለኝ። ነጭ ሸሚዙ ወዲያው መሬት መሰለ። ዘይቱ፣ አቧራው፣ የማዳበሪያው ብናኝ። አልነገርኩትም፤ ቢያውቅ ይለቀው ይሆናል ብዬ።

እንደያዘ ነው ፍስሐ የደረሰው። ፍስሐን ታስታውሻለሽ፣ ዛሬ ራሱን ችሎ ተሳቢ ይነዳል። መኪናውን አቁሞ ወርዶ ልጅሽን ሸራ ይዞ ሲያየው ቆመ። ፊቱ በሳቅ በራ።

"አንተንም አስያዘችህ?" አለው በአማርኛ። "አይዞህ ወንድሜ! ኦቦክ ልትሄድ ነበር?"

ልጅሽ ወደኔ አየ። "ምን አለ?"

ምን ብዬ ልተርጉምለት? እጄ ላይ ያለውን ጫፍ መሬት አስቀምጬ ፍስሐን "የሀጀራ ልጅ ነው" አልኩት። ፍስሐ ደነገጠ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ኮፍያውን አወለቀ። ልጅሽ ግን አልለቀቀንም። "ንገሪኝ፣ ኦቦክ ሲል ሰምቻለሁ። ለምን ኦቦክ አለኝ?"

ፍስሐ ራሱ ነገረው፤ እኔም ቀስ እያልኩ፣ ዓብዱረዛቅም እያገዘኝ ተረጎምኩለት። ከወሎ በእግሩ እንደመጣ። ኦቦክ ሄዶ በጀልባ የመን ሊሻገር፣ ከዚያ ሳዑዲ ሊገባ እንደነበር። እዚሁ ደጃፋችን ውሃ ለመጠየቅ እንደቆመ። አንቺ ውሃውን ሰጥተሽ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቀሽው "ባሕር ልሻገር" ሲልሽ፣ አልመከርሽውም፣ አላስፈራራሽውም። "ባሕሩ የትም አይሄድም። አንተ መጀመሪያ ይችን ጫፍ ያዝልኝ" ነው ያልሽው።

"ያዝኩላት" አለ ፍስሐ። "ያቺን ስጨርስ ሌላ ሸራ አመጣች። በማግስቱም 'ነገ ሂድ፣ ዛሬ ግን ያዝልኝ' አለችኝ። እያበላች ስታስይዘኝ ከረመች። አብረውኝ የመጡት ልጆች ተሻገሩ። ከነሱ ውስጥ እስከ ዛሬ ድምፁን ያልሰማሁት አለ። እኔን ጉዲና ረዳት አድርጎ እስኪወስደኝ ድረስ እዚህ ሸራ ይዤ ነበር። አሁን ሳየው ጊዜ፣ ነጭ ሸሚዙን ሳየው፣ የደህና ቤት ልጅ ተሰዶ መጥቶ ሀጀራ ያስያዘችው መስሎኝ ነው።"

ተርጉሜ ስጨርስ ልጅሽ ሸራውን እንደያዘ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። መኪኖች ያልፋሉ፣ አቧራ ይነሳል። ፊቱን ሳይመልስ "እኔንም እንዲህ ትለኝ ነበር" አለኝ። "ልጅ ሳለሁ የቤት ሥራዬን ትቼ ባሕር ልዋኝ ስሮጥ በር ላይ ትይዘኝና 'ባሕሩ የትም አይሄድም፣ አንተ መጀመሪያ ይችን ገጽ ጨርስልኝ' ትለኝ ነበር። ለኔ ብቻ የምትለው ነበር የሚመስለኝ።"

 "ጎትት፣ ረገበ" አልኩት። ጎተተ።

ገዢው የመጣው ከቀትር በኋላ፣ ጫት ገብቶ ከተማው ሁሉ ጉንጩን ከሞላ በኋላ ነው። ከመኪናው ሳይወርድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በፈረንሳይኛ ተናገረ። ልጅሽ በዚያ በቆሸሸ ሸሚዝ ሄዶ ጥቂት ተነጋገረው። የሰውየው ፊት ተለወጠ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ ሄደ። ሮጬ ደረስኩበት።

"ምን አልከው?"

"ባለቤቷ ድሬዳዋ ናት አልኩት። ስትመጣ ጠይቃት አልኩት።"

አላለቀስኩም ብልሽ ውሸት ነው። ሸራው ውስጥ ገብቼ የሆነ ስፌት የማስተካክል መሰልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሩጫ ነው። አዲሱ ማቆሚያ ለየብቻችን ሱቅ አይሰጥም፣ ተደራጅታችሁ ኑ አሉን። ዓብዱረዛቅ ከጎማው፣ ነጃት ከምግቧ፣ እኛ ከሸራችን ጋር አንድ ማኅበር ሆንን። አዎ፣ ከዓብዱረዛቅ ጋር! አሁን ደግሞ በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሆንን በጥላ መጣላት አይቻልም፤ እሱ በዚህ በጣም አዝኗል። ማመልከቻውን ልጅሽ በፈረንሳይኛ ጻፈልን። ለማኅበሩ ያወጣለት ስም ረጅም ነው፣ እኔ እስከ ዛሬ አልያዘልኝም። የኔን ተራ ሊጽፍ ሲደርስ "የአባትሽ ስም ማነው?" አለኝ። ለምን ስለው "የሀጀራ ሸሪክ ብዬ ልጽፍሽ ነው" አለኝ።

"እኔ ሠራተኛዋ ነኝ" አልኩት።

"እናቴ ሁልጊዜ 'ሱቃችን' ነው የምትለው። 'ሱቄ' ስትል ሰምቻት አላውቅም። እኔ ደግሞ አባባል ነው እያልኩ አልፈው ነበር።"

የሰጡን ቦታ በሩ አጠገብ አይደለም፣ ጥግ ላይ፣ አጥሩ ጋ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው አጣን። አዲሱን ስፍራ ማንም አላወቀውም፤ ነጃት ያበሰለችውን እኛኑ አበላችን። ያኔ አንቺ እንደምታደርጊው ማድረግ ነበረብኝ። አንገቴን ከስፌት መኪናው ቀና አድርጌ ወጣሁ፤ በየተሳቢው እየዞርኩ "ሸራህን አሳየኝ" እያልኩ ጮህኩ። እኔ! ድምፄን ስሰማው አፈርኩ፣ ሁለተኛ ጊዜ ስጮህ ግን ያንቺን ድምፅ መሰለኝ። ጉዲናም ፀጋውም ፍስሐም ወሬውን በመንገዱ ሁሉ አዳረሱልኝ፤ ሚሌም፣ አዋሽም። አሁን ስንዴ የጫነ መርከብ ሲገባ ሸራው በር ላይ ይቆለላል። ሁለተኛ የስፌት መኪና ገዝተናል። አርብ አርብ አበሩና የውብዳር ይመጣሉ፤ ሰው ቤት ተቀጥረው የሚያድሩ ልጆች ናቸው፣ የዕረፍት ቀናቸው ነው። አበሩ እጇ ይፈጥናል። የውብዳር ገና ነች፣ ግን ሳቋ ደንበኛ ያመጣል። አንድ ቀን የራሳቸውን ይከፍታሉ፤ ከኛ ራቅ ብለው ቢሆን ደስ ይለኛል።

ፔካ 12ን ብታዪው አታውቂውም። መድኃኒት ቤት ተከፍቷል፣ ለሾፌሮች ማደሪያ እየተሠራ ነው፣ አንድ የመናዊ ዓሣ እየጠበሰ ሰፈሩን በጥብሱ ሽታ ያሳብደዋል። የቆርቆሮ ቤታችን የነበረችበት ላይ አስፋልት ተነጥፏል። ሳልፍ ዓይኔ ይፈልጋታል፣ ግን ብዙ አላዘንኩም። ውስጧ የነበረው ሁሉ ከኛ ጋር መጥቷል፤ የጎደልሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። "አንተ እንደወደድክ" ያልሽው ደክሞሽ ነው ወይስ አውቀሽ? መጥቶ እንዲያይ ብለሽ ነው? ጉዲና "ሀጀራን አታውቂያትም? አውቃ ነው" ይላል። ዓብዱረዛቅም ልጅሽን "አላልኩህም? ክፉ ናት" ብሎታል። እኔ ግን ዘቢባ አልጋ ሥር እንቅልፍ አጥተሽ፣ ተስፋ ቆርጠሽ ያልሽው ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ ያኔ ስላኮረፍኩሽ አሁን ሆዴ ይባባል። የሆነው ይሁን፣ ስትመጪ ንገሪኝ።

አሁን ዋናውን ምስጢር። ልጅሽ በሚቀጥለው ሳምንት በባቡር ድሬዳዋ ይመጣል። ከኔ በቀር ለማንም አልተናገረም፣ እኔንም እንዳልነግርሽ አስምሎኛል። ትናንት ሱቅ መጥቶ ሲያንገራግር ቆይቶ "እናቴ ምን ብወስድላት ደስ ይላታል?" አለኝ። ተምር አልኩት፣ ሽቶ አልኩት። "እሱን አውቃለሁ" አለኝ፣ ግን አይመስለኝም፤ ወዲያው የሽቶውን ስም ስልኩ ላይ ጻፈ። ከዚያ ጭንቅላቱን እያሻሸ "ምን ብዬ ልጀምርላት?" አለኝ። ፈረንሳይ የተማረ፣ በየስብሰባው የሚናገር ሰው፣ እናቱ ፊት የሚለው ጠፍቶት ሸራ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጨነቅ ብታዪው! የሸራውን ጫፍ አቀበልኩትና አብረን ዘረጋን። እያገዘኝ ብቻውን ሲለማመድ ሰማሁት፤ "እማ፣ ፔካ 12 ሄጄ ነበር..." ይላል፣ ይተወዋል፣ እንደገና ይጀምራል። ዘቢባ ለመንገድ ከበረታች ሁለታችሁንም ይዞ ሊመለስ ነው ሐሳቡ፤ ያቺን ክፍል ቀለም አስቀብቷል። የት እንደምትኖሪ አንቺ ታውቂያለሽ። ቀን ቀን የት እንደምትውዪ ግን እሱም አሁን የገባው ይመስለኛል።

ስለዚህ ሀጀራ፣ አደራሽን። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ስትጨርሺ ደብቂው። በሩን ሲያንኳኳ ደንግጪ፤ "ምነው ደህና?" በይው። ፔካ 12 ሄጄ ነበር ሲልሽ አፍሽን ይዘሽ "አንተ? ወደዚያ አቧራ?" በይው። ስለ ፍስሐ ሲነግርሽ አታቋርጪው፣ ቢሳሳትም አታርሚው። ማልቀስ ከፈለገ ወደ ዘቢባ ክፍል ግቢና ጊዜ ስጪው። ዝም ካለም አትቸኩዪበት፤ አንደበቱ እስኪፈታ ሻይ ቅጂለት። ምንም እንዳላወቅሽ ሁኚ፣ ሀጀራ። ሁሉንም ከራሱ አፍ ስሚው።

ናፋቂሽ፣
የምስራች